እንግዳ ይበላል የሚባል አገር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ግራ ታጥፎ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አንድ ቀበሌ አለ። ስሙ እንግዳ ይበላል ነው። ይህን ስም ሲያነብ ምላሱ የተደናቀፈበት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ የአገሩ ሰው ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲከራከርበት የኖረ ነገር ነው። ‹ይበላል› የሚለውን አላልቶ ላነበበው፣ እንግዳ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠግቦ የሚሸኝበት ደግ አገር ይሆናል። አጥብቆ ላነበበው ግን የሚበላው እንግዳው ራሱ ነው። ፊደሉ ያው ነው። በልቶ በመሄድና ተበልቶ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ከንፈርን ትንሽ ገጠም ማድረግ ብቻ ነው።

ነዋሪዎቹ ያላላሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያጠብቃል። የሚኒባስ ረዳቶች መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ‹የሚበላ ይውረድ› ይላሉ፣ ያውም አጥብቀው። ገበያ ላይ የእንግዳ ይበላል ሴት በርበሬና ጨው ስትገዛ፣ ሻጯ ‹ማን መጥቶባችሁ ነው?› ብላ ሳትጠይቅ አትመዝንላትም። አንድ ዘመን ደግሞ የክትባት ሠራተኞች ወደዚያ ሲታዘዙ፣ ሁለቱ ሲከትቡ ሦስተኛው በር ላይ ይቁምልን ብለው ነበር ይባላል።

ይሄይስ ተወልዶ ያደገው በዚህ ቀበሌ ነው። ኮሌጅ ተምሮ ተመልሶ የሚያስተምረውም እዚያው ነው። ስሙን አስመልክቶ የሚወረወረውን ቀልድ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሰማው ጆሮው ደንድኖ ነበር። ያምሮትን እስኪወድ ድረስ።

ያምሮት የቡሬ ልጅ ናት፣ ነርስ። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው፣ ከሚሌኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኅዳር፣ ይሄይስ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ላከ። አባቷ አቶ ክንፈሚካኤል የእህል ነጋዴ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጧል። ንግዱን በአንድ ወር ለመደው፤ ቅኔውን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሊተወው አልቻለም። ‹ደህና አደሩ› ያለውን ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ አገላብጦ ነው የሚያልፈው።

ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበለ፤ አስቀመጠ፤ የመጡበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ።

«ልጁን አልጠላሁትም። ልጄም እንዳልጠላችው አውቃለሁ፤ ስሙ ሲነሳ ውኃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች፣ ቧንቧው ግን ቤት ውስጥ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሠርግ ከሆነ ወገኔን ይዤ በእንግድነት ወደ እናንተ መምጣቴ አይቀርም። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ከሽማግሌዎቹ መካከል የይሄይስ አጎት አያ ገነነ ነበሩ። አያ ገነነ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን አፋቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይሄዳል። የቤቱን ጌታ ከእግር እስከ ራስ አዩና፣

«እሱ እንግዲህ እንደ እንግዳው ውፍረት ነው» አሉ።

ጓዳ ውስጥ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው የአቶ ክንፈሚካኤል እኅት ‹ልጃችንን ለእነማን ልንሰጥ ነው!› ብላ ጮኸች። አቶ ክንፈሚካኤል ሳቁን በነጠላው ሸፈነ፣ ፍርዱን ግን አላነሳም። የስሙን አመጣጥ አጣርተው፣ ጽፈው፣ የመንግሥት ማኅተም አሳርፈው ያምጡለት። በዚያን ቀን የሠርጉን ቀን ይቆርጣል፤ ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።

ይሄይስ ወሬውን ሲሰማ ቀልድ ነው ብሎ ሊጽናና ሞከረ። ያምሮት ግን ተስፋ አልሰጠችውም። «አባየ ተቆጥቶ ቢሆን በሁለት ቀን ይበርድለት ነበር» አለችው። «ሲቀልድ ነው የማይመለሰው።»

እንዳጋጣሚ ያን ሰሞን አንድ ኮሚቴ ለሚሌኒየሙ መጽሔት ሊያሳትም ነው ተብሎ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የስሙን አመጣጥ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጽፎ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲልክ ታዝዞ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ መልካሙ ደብዳቤውን ለይሄይስ ሲሰጠው፣ እንዲህ በደስታ ሥራ የተቀበለ መምህር አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

ይሄይስ ብቻውን አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስተምር ሂሮሺ የሚባል ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ ነበረ። ከሒሳቡ ይልቅ ፍቅሩ የቦታ ስም ነው። ቅዳሜና እሑድ ደብተሩን ይዞ በየገጠሩ እየዞረ ‹ይህ ለምን እንዲህ ተባለ?› ሲል ይውላል። እንግዳ ይበላል የሚል ቀበሌ እንዳለ ሲሰማ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ገበሬዎቹ ሂሮሺ የሚለውን ስም ሊይዙት ስላልቻሉ ኅሩይ አሉት፤ እሱም ኅሩይ ‹የተመረጠ› ማለት መሆኑ ሲነገረው በጣም ደስ አለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ኅሩይ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ተጋበዘ። አማርኛው መልካም ነበር፤ ችግሩ ማጥበቅና ማላላት ለጆሮው አንድ መሆናቸው ነው። ተነሣ፣ በአገሩ ወግ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ሲለማመደው የሰነበተውን ንግግር ጀመረ። ከሩቅ አገር የመጣሁ እንግዳ ነኝ አለ። ስለ አገራችሁ ደግነት ሰምቻለሁ አለ። ቀጥሎም በፈገግታ፣ አጥብቆ፣

«ዛሬ እዚህ እበላለሁ» አለ።

ከዚያ የሳቁ ጎርፍ መጣ። አሮጊቶች ተደጋግፈው ሳቁ፤ ቄሱ ወደ ዋንዛው ዞረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። ኅሩይ ንግግሩ ስለተወደደለት ደስ ብሎት ደገመው። ይህን ያህል ለመበላት የፈቀደ እንግዳ በአገሩ ታሪክ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ከአራት ቤት አራት መሶብ ወጣለት።

ምርመራው የተጀመረው እሱ ሲበላ ነው። አብዛኛው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው አለ፤ አባቶቻችን ደጋግ ስለነበሩ መንገደኛ ሁሉ እየበላ ያልፍ ነበር፣ ስለዚህ ይላላል። አያ ገነነ ተነሡና ይህን የሴት ወሬ አሉት። በእሳቸው አባባል ስሙ የወጣው ግብር ሰብሳቢዎች እየመጡ በሚያስቸግሩበት ዘመን ነው። የመጣው ሰብሳቢ በቅሎው፣ ጠመንጃው፣ ካባው ሁሉ እየተወሰደበት በሸሚዝ ይመለስ ነበር፤ ተበላ ማለት እሱ ነው። ስለዚህ ይጠብቃል፣ ያኮራልም።

አንዲት ሴት ከወደ ኋላ ሆና፣ አያ ገነነ አባትዎ በሸሚዝ የተመለሱት ከየትኛው አገር ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። እንደገና ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ አልነበረም። ላላዎቹ በአንድ ወገን፣ ጠባቆቹ በሌላ ወገን ቆመው፣ አንዱ ‹ይበላል› ሲል ሌላው ‹ይበላል› እያለ ይመልሳል። ልዩነቱን ለማይሰማ ሰው ሁሉም አንድ ነገር ተስማምቶ የሚጮህ ይመስል ነበር። ኅሩይ በደብተሩ ላይ ‹ሙሉ ስምምነት› ብሎ ጻፈ።

አቶ መልካሙ ሰዉን በዓይኑ ቆጠረ፤ ላላዎቹ ይበዛሉ። አባቶቻችን እንግዳ ተቀባዮች ስለነበሩ ቀበሌው ይህን ስም አገኘ ብሎ በአንድ አንቀጽ ጻፈ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ አሳረፈ፣ ለይሄይስ ሰጠው። አልቋል። ይሄይስ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ሲከት ያምሮትን ራሷን በኪሱ የያዛት መሰለው።

ኅሩይን ወደ አስፋልቱ ሲሸኘው መንገዱን ሁሉ ያፏጭ ነበር። ኅሩይም ስለራሱ ከተማ ያወራለት ጀመር። ከአንድ ትልቅ ከተማ ዳር ያለች፣ ሰዉ ማለዳ በባቡር ሄዶ ሥራ ውሎ ማታ ሊያድር ብቻ የሚመለስባት ከተማ ናት። በድሮ ጊዜ ሩዝ እንኳ የሚበሰብስበት ረግረግ ነበረች፤ ስሟም ረግረግ ማለት ነበር። የአገሩ ሰው አፈረ። በጃፓን አጻጻፍ አንዱን ድምፅ በብዙ ዓይነት ፊደል መጻፍ ስለሚቻል፣ ሽማግሌዎቹ ድምፁን ሳይነኩ ፊደሉን ቀየሩት፤ አሁን ሲያነቡት የደስታ ሜዳ ይላል። ማዘጋጃ ቤቱም ድንጋይ አቁሞ ቆንጆ ታሪክ ቀረጸበት።

«የእናንተ ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት» አለ ኅሩይ። «የእኛ ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ሁለት።»

ይሄይስ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በየአገሩ ሰው መላ አያጣም አለ። ኅሩይ ግን ታሪኩን አልጨረሰም ነበር። አዳዲስ ሰዎች በስሙ ተማርከው መሬት ገዙ፤ ቤት ሠሩ። ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃው ወለላቸው ላይ ይወጣል። አያቱ በጀልባ እየዞረ ‹ስሙን በደንብ ብትጠይቁት ኖሮ ይነግራችሁ ነበር› ይላቸው ነበር።

ይሄይስ ማፏጨቱን ተወ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ወረቀቱን በሸሚዙ ላይ ዳበሰው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ወረቀቱን ይዞ ቡሬ ይገባል፣ ሚስት ያገባል። ነገር ግን ተማሪዎቹን ‹መልሱን ከየት አመጣችሁት?› እያለ የሚያፋጥጥ መምህር ነው፤ የራሱን መልስ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ያውቃል። ከጩኸት ነው ያመጣው።

«ያልጠየቅናቸው ሰው አሉ» አለ በመጨረሻ።

ያልተጠየቁት እማሆይ ታንጉት ናቸው። ዘጠና ያለፋቸው መነኩሲት ሲሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይኖራሉ፤ ስብሰባ አይወጡም። ሁለቱ ተመልሰው ሄዱ። እማሆይ ጥያቄውን ሲሰሙ እንደ ሕፃን ልጅ ተገረሙ።

«እንግዳ እኮ በሬ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማሆይ ሳይወለዱ በፊት አንድ ክረምት ባለቤቱ ያልታወቀ ወይፈን እየተንጎማለለ መጣ። በሦስት ገበያ ተለፈፈ፤ የእኔ ነው የሚል ጠፋ። ስሙን እንግዳ አሉት። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ሆነ፤ ሰኞ ለአንዱ፣ ማክሰኞ ባሏ ለሞተባት፣ ረቡዕ በሬው ለታመመበት ሲያርስ ኖረ። ሲያረጅ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሳይሞትብን እንብላው አለ። ግማሹ በእንግድነት የመጣ አይበላም አለ። እማሆይ ያኔ ሕፃን ነበሩ። ሰዉ በጥቅምት ለሽምግልና እንደ ተቀመጠ ታኅሣሥ ደረሰበት፤ ጤፉ ሊረግፍ ምንም አልቀረውም። መንገደኛ ያን ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር ምን ሆናችሁ ነው ይላል። እንግዳ ይበላል አይበላም እየተባለ ነው ይሉታል። መንገደኛው ወሬውን ይዞ ሄደ፤ አገሩም በዚያ ተጠራ።

ይሄይስ በመጨረሻ ተበላ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ለገና ተበላ። ምነው ባልተበላ። አባቴ ሁለት ጥርሱን ያጣው በእሱ ነው።»

ይሄይስ ከቅጥሩ ሲወጣ እየሳቀ ነበር፣ ልቡ ግን እንደ ድንጋይ ከብዶ ነበር። እውነቱ ተገኝቷል፣ ይጠብቃል። አያ ገነነ በተሳሳተ መንገድ ሄደው በትክክለኛው ቤት ደርሰዋል። በኪሱ ያለው ባለ ማኅተም ውሸት ያምሮትን ይሰጠዋል፤ በአፉ ያለው ማኅተም የሌለው እውነት ይነሣዋል።

በማግሥቱ ቡሬ ሄዶ አቶ ክንፈሚካኤል ፊት ቆመ። ወረቀቱን አወጣ፣ እንዳላመነበት ተናገረና አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ከዚያ የበሬውን ታሪክ ከወይፈንነቱ እስከ ጥርሱ ነገረው። ያምሮት ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ግንባሯን በእጇ ስትመታ ሰማ። ባለቀ ጉዳይ ላይ እውነት የሚጨምር ሰው አይታ አታውቅም።

አቶ ክንፈሚካኤል አልተቆጣም። ዓይኑ በገለባ መካከል እህል እንዳገኘች ዶሮ ያበራ ነበር። እንግዳ የሚለው ቃል የሰው ስም፣ የበሬ ስም፣ የመንገደኛ ስም። ሃያ ዓመት ሙሉ በንግድ ሲደርቅ የኖረው ቅኔው እንደ ገና ራሰ። ከእማሆይ አፍ ካልሰማሁ አላምንም አለ።

ረቡዕ ዕለት መጣ። ቀኑን የመረጠው ጾም ስለሆነ ነው፤ በዚህ ቀን የሚበላም የሚበላበትም የለም ብሎ አስልቷል። በእንግድነት እንዳይቆጠርም ቆሎውን ከቤቱ በኪሱ ይዞ ነው የመጣው። አገሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ በቅጥሩ ዙሪያ ተኮለኮለ። እማሆይ ታሪኩን እንደ ገና ነገሩት፤ እሱም ቆሎውን እየቆረጠመ በጥሞና ሰማ። ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለ።

«እማሆይ፣ ለመሆኑ ይህ እንግዳ ከወዴት የመጣ ነበር?»

«እሱንስ ማን አውቆት ልጄ» አሉ እማሆይ። «መልኩ ብቻ ቡሬ ነበር።»

ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት በሬ ቡሬ ይባላል፤ እማሆይ ያሉት ይህንኑ ነው። ሕዝቡ ግን ያየው የቡሬውን ሰው ነው። የመጀመሪያው ሳቅ የአያ ገነነ ነበር። አቶ ክንፈሚካኤል ሁለተኛ ሊሆን ሲል ቆሎው አነቀው። ጀርባውን መቱት፤ ጠላ አቀረቡለት፤ እንግዳ ሆኜ ሳይሆን ታንቄ ነው ብሎ አንዱን ዋንጫ ጨረሰ። ሁለተኛውን ሲጠጣ መታነቁ አልፎ ነበር፣ ማንም ግን አላነሣበትም።

ከዚያ ብዕር ጠየቀ። ለኮሚቴው የሚላከውን ታሪክ ራሱ እጽፋለሁ አለ። በሚያምር የቅኔ ቤት እጅ ጽሑፍ የእንግዳን ታሪክ አሰፈረ። ከላይ በርእሱ ላይ ‹እንግዳ ይበላል› ብሎ ጻፈና፣ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የቅኔ ቤት መምህሩ እንዳስተማሩት ከቃሉ በላይ በቀጭኑ ‹ይጠብቃል› የሚል ምልክት አኖረ። የመጨረሻው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ ቀን እቆርጣለሁ ብሎ ተሰናበተ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጸደቀው ወረቀት ከፍኖተ ሰላም በታይፕ ተጽፎ መጣ። አቶ መልካሙ ሁለት ጊዜ አነበበውና ይሄይስን አስጠራው። ታይፒስቷ ከላይ የተጻፈውን ቀጭን ቃል እርማት መስሏት፣ ከሥር ያለውን ሰርዛ እሱን ተክታለች። አላልታ ማንበብ ነበረባት፤ አጥብቃ አነበበችው። ወረቀቱም በክብ ማኅተም፣ በፊርማ፣ በቁጥር እንዲህ ይላል፦ ‹የቀበሌው ስም፦ እንግዳ ይጠብቃል።›

አያ ገነነ ይግባኝ እንጠይቅ አሉ። ሴቶቹ በበኩላቸው ስሙን ለመዱት፤ እንግዳ የሚጠብቅ አገር ምን ይወጣለታል አሉ። ይሄይስ ማንንም አልሰማም። የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው የጠየቀው እውነት ከነማኅተሙ ነበር፤ አሁን ማኅተሙ ስሕተት ላይ አርፏል። ለማስታረም ሌላ ሦስት ወር ይፈጃል። ጥር ያልፋል፣ ጾም ይገባል።

እየፈራ ቡሬ ደረሰ። አቶ ክንፈሚካኤል መነጽሩን አድርጎ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ እንደ ገና አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኅቱ ምን ሆነብኝ ብላ ውኃ ይዛ መጣች።

«የገዛ እጄ ነው» ይላል። «ይጠብቃል ሲጠብቅ ይጠብቃል ሆነ።» ለእኅቱ ሊያስረዳት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም መሀል ላይ ሳቅ እያሸነፈው ተወ።

ይሄይስ በዚህ መሀል ቀኑን ለማንሣት አፉን ከፈተ። አልሆነለትም። አቶ ክንፈሚካኤል አዲስ ፍርድ አግኝቷል። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ፊቱ ኮስተር አለ። ለመሆኑ እዚህ ላይ የሚጠብቀው ማን ነው? አገሩ እንግዳውን ነው ወይስ እንግዳው ደጅ ላይ ቆሞ አገሩን? ይህ ካልተለየ ደግሞ በእንግድነት እንዴት ይኬዳል? በል መምህር፣ ይህንንም አጣራልኝ ሊል ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ያምሮት የሥራ ነጭ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ወጥታ በይሄይስ ጎን ቆመች።

«አባየ፣ የሚጠብቀው እሱ ነው» አለች። «ሁለት ዓመቱ ነው። እኔም አብሬው ነኝ። ከዚህ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ይበጠሳል።»

አቶ ክንፈሚካኤል ልጁን አያት። ይህን ቃል እንዲህ አዙራ መልሳ ትወረውርብኛለች ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። 

«ለካ አንቺ ነሽ የእኔ ተማሪ» አለ፣ እኅቱንም ዞር ብሎ የዘመን መቁጠሪያውን ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ አላት። ጣቱን በጥር ላይ አንሸራተተ። ጣቱ ሃያ አንድን አልፎ እሑድ ላይ ቆመ።

«እኔ ሰማንያ ሰው ይዤ ነው የምመጣ» አለ። «እስኪ እንዴት እንደምትችሉን አያለሁ።»